ሚስማር የነቀላቸው ሽቦዎች

እኔ ፊደል የሚባል አልቆጠርኩም፤ ብረት ግን ጠይቁኝ። በዚህ ሰፈር ከምታዩት የመስኮት ፍርግርግ ግማሹ የእኔ እጅ ነው፤ የተጣመመው ግማሽ የሌሎች ነው። አሁን ዓይኔም ወገቤም አንታዘዝም ስላሉኝ ወርክሾፑ በር ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። የማወራችሁ ግን ስለ እህቴ ባል ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሚስማር ነው የምንለው። እህቴ እንኳ ካልተቆጣች በስሙ አትጠራውም።

ሚስማር ዕድሜውን ሙሉ ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱም አይክድም። አንድ ቀን በር እየበየደ ድንገት ዘጭ አለ። ውሃ ረጨንበት፣ ነቃ፤ "ሙቀቱ ነው" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሳይቆይ ደገመው። ከዚያ ወዲያ እህቴ እንቅልፍ አጣች። የሚስማር ታናሽ ወንድም፣ አንድም ቀን ራሴን ሳይል፣ የጫማውን ክር ሊያስር እንደጎነበሰ ነው የቀረው። ደህና ልጅ ነበር፤ ኳስ ሲመታ ግን ለጎረቤት መስታወት የማይራራ... ተዉት፣ እሱን ካነሳሁ አልጨርስም።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። አግዳሚ ላይ መቀመጥ እንዴት እንደሚያደክም! ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። "የልብ ምትዎ የሚዛባ ይመስለኛል" አለችው። "በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሞት ካለ ደግሞ ችላ አይባልም፤ ልብ ድንገት ሊቆም ይችላል።" ደረቱ ላይ ሽቦዎች ለጣጥፋ ወገቡ ላይ ትንሽ ሳጥን አሰረችለት። "ይቺ ምትዎን ትመዘግባለች፤ እንደ ልማድዎ ይሥሩ።" ሥራዎ ምንድን ነው ብላው "በርና መስኮት" ነው ያላት። እንጨት ይሁን ብረት ማን ይጠይቃል?

ሳጥኑን ስንመልስላት ግራ ገባት። "ሌሊቱ ደህና ነው፤ ቀኑ ግን ባዶ ነው።"

"ነቅዬው ነዋ" አላት ሚስማር፣ እንደሚመሰገን ሰው ቀና ብሎ።

"ለምን?"

"መኪና ስንበይድ መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ እንነቅላለን፤ አለዚያ ውስጡ ያለው ሁሉ ይቃጠላል። የሰው ዕቃ አቃጥዬ ልመልስልሽ?"

እህቴ ግንባሯን ያዘች። "አንተ ሰውዬ! የምትወድቀው ስትሠራ፣ ሳጥን የምታስረው ስትተኛ!"

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንደገና አሰረችለት። አሁን ብረት ይሸከም፣ በእጅ መጋዝ ይቁረጥ፤ ብየዳ ግን አይንካ፣ ሽቦም አይንቀል ተባለ። እህቴ እንደ ዘበኛ ከኋላው ዋለች። ብረት ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ጭው አለበትና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያን ጊዜ የነበረውን ምት ሳጥኗ ያዘችው።

ዶክተሯ ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችን። ማንበብ ባልችልም ሥዕል አያመልጠኝም፦ እኩል እኩል ሲሄድ የነበረው መስመር ድንገት የመጋዝ ጥርስ ሆኗል። "የታችኛው የልብ ክፍል ነው እንዲህ የሚሮጠው" አለች። "ሲሮጥ ደም መርጨት ያቅተዋል። እዚህ ጋ በራሱ ተመልሷል፤ ሁልጊዜ ግን ላይመለስ ይችላል።" ደረት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ አለ አሉ፤ ልብ ሲያብድ በኤሌክትሪክ መትቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። "ብየዳ ግን ከእንግዲህ ይቅርብዎት። የብየዳው ማሽን መሣሪያውን ያሳስተዋል።"

ሚስማር እጆቹን ገልብጦ አየ። ሌላ ሥራ አያውቁም እነዚያ እጆች። "ታዲያ እሱንም ስበይድ ነቅዬ..." ብሎ ሲጀምር እህቴ በስሙ ጠራችው። በሙሉ ስሙ፣ ከነአባቱ።

"እሺ" አለ። እንደዚያ የደከመ እሺ ሰምቼ አላውቅም።

መሣሪያው ከገባለት ወዲህ ከብየዳው ራቅ ብሎ በሩ ላይ እኔ ጎን ይቀመጣል፤ ያለቀለትን በር ቀለም ይቀባል። ከውስጥ ብልጭታው ሲነሳ ሁለታችንም ፊታችንን እናዞራለን።

"ይሄ ደግሞ ብየዳ ነው?" ይለኛል፣ ውስጥ የሚበይዱት ልጆች የተጣመመ በር ሲያወጡለት።

"ዝም ብለህ ቀባ" እለዋለሁ።

ይቀባል።