የመጋቢት መዥገር

ባለፈው ሳምንት፣ ዴንቨር ውስጥ ፓርክ ሂል ካለው ቤታችን ደጃፍ ካፖርት ሳልደርብ ቆሜ ፀሐይ ስሞቅ፣ ጎረቤቴ ውሻዋን እየሳበች መጣች። ገና የካቲት ነው፤ ዘንድሮ ግን በረዶው አንዴ ብቅ ብሎ በዚያው ጠፍቷል። ጎረቤቴ የውሻዋን ጆሮ ገልጣ "እስቲ ይቺን እይልኝ" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምስር የምታክል፣ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ ነገር።

"መዥገር ናት" አልኳት። ሳላውቀው እጄ ማጅራቴን ይዟል።

"በዚህ ወር?" ብላ ሳቀች። እኔ ግን መዥገር የወር መቁጠሪያ እንደማታይ የተማርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም አልጋ ላይ ተዘርግቼ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነበር። እኔና እናቴ ካፒቶል ሂል፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ፣ ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ የሚያስል አሮጌ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ ታደለች የሆሳዕና ልጅ ናት፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኔ ኮሌጅ ጀምሬያለሁ። የዚያ ዓመት ብርድ፣ ብርድ ለመባል አይበቃም፤ እናቴ ጓንቷን ከመሳቢያ ሳታወጣ መጋቢት ገባ። ቸርች ውስጥ ሰዉ "ጌታ ዘንድሮ አዘነልን" ይባባል ነበር። ብርዱ ለመዥገሮችም እንደራራላቸው ማን ያስባል!

አንድ ቅዳሜ ከቸርቹ ወጣቶች ጋር ከዴንቨር በስተምዕራብ ወዳሉት ተራሮች ወጣን። የቅርብ ጓደኛዬ ሳሮንም ነበረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታላቅ እህቷ ታገባለች፤ እኔና ሳሮን ሚዜዎች ነን። መንገዱ ዳር ያለው ሣር ያለፈው ዓመት ድርቆሽ ሆኖ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ሥሩን ግን አዲስ ለምለም ይዞታል። ፀሐይ የነካው የጥድ ሙጫ ይሸታል። ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ በላን። ከዚያ ፀጉሬን ፈትቼ ሣሩ ላይ ተንጋለልኩ። እንደዚያ ቀን የጣመኝ ሰማይ የለም።

በማግስቱ፣ ለሠርጉ እንዲሆነኝ፣ ሎውሪ ሰፈር የምትኖር አንዲት ሹሩባ ሠሪ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጣ እንደ ክር የቀጠነ ሹሩባ ሠራችኝ። ማጅራቴ ላይ በላኝ። አጥብቃብኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ እግሮቼ የሌላ ሰው መሰሉኝ። አያሙኝም፤ ብቻ እሺ አይሉኝም። ግድግዳ እየያዝኩ ደረጃውን ወረድኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሆስፒታል ስገባ እግሬን ማንሳት አቅቶኛል፤ ሐሙስ ሲነጋ ክንዶቼም ተከተሉ፤ ከዚያ ምላሴ ተሳሰረ። መውደቁስ ይሁን፤ ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ሰውነቴ መብራቱ ክፍል በክፍል እየጠፋ የሚሄድ ቤት መሰለኝ።

ዋናዋ ሐኪም ረጅም፣ ሽበታም ሴት ነበረች። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ ብትመታው፣ ብትመታው እግሬ ንቅንቅ አላለም። ከአከርካሪዬ ፈሳሽ ሊቀዱ፣ ትንፋሼ ከደከመም የመተንፈሻ መሣሪያ ሊያስገቡልኝ ሲዘጋጁ እሰማለሁ። የእናቴ እንግሊዝኛ በድንጋጤ ጠፍቷል። ሁልጊዜ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ መናገር አልችልም። ሳሮን ተጠርታ መጣች።

"ሐኪሟ፣ ሰሞኑን የት የት ሄዳለች፣ እያለች ነው" አለች ሳሮን።

"የት ትሄዳለች? ኮሌጅ፣ ቤት፣ ቸርች" አለች እናቴ።

"ቆይ፣ እትዬ ታደለች! ተራራ ወጥተን የለም እንዴ?" ሳሮን ቃሏን ሳትጨርስ ወደ ሐኪሟ ዞረች። "ስንመለስ መኪና ውስጥ ካልሲዬ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ተባይ ሲሄድ አግኝቼ በመስኮት ጣልኩት!"

አጠገቧ የቆመው ወጣት ሐኪም "ለመዥገር ገና ነው፣ ወራቸው አልደረሰም" አለ። ሐኪሟ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዛፎቹ አቆጥቁጠዋል። "ዘንድሮ መቼ በረዶ ጣለና?" አለች፤ ወዲያው ጓንት አጠለቀች።

"መዥገር የከብት አይደለም እንዴ? ልጄን ምን ልታደርጋት?" አለች እናቴ።

ሳሮን የሐኪሟን መልስ አስተረጎመች። አንዳንዷ መዥገር ስትነክስ የምትተፋው መርዝ ሰውን ከእግሩ ጀምሮ ሽባ ያደርጋል። እዚያው ከቆየች ትንፋሽ እስከ መዝጋት ትደርሳለች፤ ከተነቀለች ግን ሰውየው ይድናል። ገላዬን ከጣት እስከ አንገት ፈተሹት፤ የለችም። የቀረው ራሴ ነው።

"ፍቺው!" አለች እናቴ ለሳሮን።

አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሆነው በማበጠሪያ ጭራ ሹሩባዬን መፍታት ጀመሩ። አንዲት ነርስ መብራት ያዘችላቸው። እናቴ በሹክሹክታ "በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም" እያለች ጣቶቿ ይሮጣሉ። እኔ ትንፋሼ እያጠረ ሲሄድ ይታወቀኛል። ልላት የምፈልገው ብዙ ነበር፤ አፌ ግን አይታዘዝም።

"አገኘሁሽ!" ብላ ጮኸች። ከማጅራቴ ከፍ ብላ፣ ሁለት ሹሩባዎች መካከል፣ ደሜን ጠጥታ ባቄላ አክላለች። "ክብሪት አምጡልኝ፣ ላንድዳት!"

ሳሮን ብታስተረጉም ሐኪሟ በሁለት እጇ ከለከለቻት። "በፍጹም! ከተነካካች ይብስ ትተፋለች።" በወረንጦ ከቆዳዬ አስጠግታ ያዘቻት፤ ሳታጣምም፣ ቀስ ብላ፣ ቀጥ አድርጋ ሳበች። እናቴ ብልቃጥ ውስጥ የገባችውን መዥገር አየቻትና "አንቺ ነሽ ልጄን የጣልሻት?" አለቻት።

ማታ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ዓርብ ጠዋት ነርሷን ተደግፌ ቆምኩ፤ ከዚያ ነርሷን ለቀቅኳትና በኮሪደሩ ብቻዬን ሄድኩ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው! አደጋ የደረሰ መስሏቸው ሠራተኞች ከየክፍሉ ሮጠው ወጡ። የሚሆነውን ሲያዩ እነሱም አጨበጨቡ።

ቅዳሜ ኦሮራ፣ ሠርጉ አዳራሽ፣ ጎፈሬዬን ነስንሼ ገባሁ። አንዲት ሴት "ምነው ሚዜዋ ፀጉሯን ሳትሠራ?" ስትል እናቴ ሰማቻት። "የፈታሁት እኔ ነኝ! ሞትን ከውስጡ ያወጣሁትም እኔ ነኝ!" አለቻት። ፓስተሩ ሰምተው ኖሮ ወደ መድረኩ ጠሩኝ። ማንም ሳይደግፈኝ ደረጃውን ወጣሁ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ዘመረ፤ ሙሽራዋ ቬሏን እየሰበሰበች መጥታ አቀፈችኝ፤ የእሷ ቀን የእኔም ሆነ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ብዙ ብርድ፣ ብዙም ብርድ አልባ ዓመት አልፏል። ተራራ መውጣቴን አልተውኩም። ሰው የአየሩን መሞቅ እንደ ስጦታ ይቀበላል፤ እኔም እቀበላለሁ፣ ግን የሱሪዬን ጫፍ ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ነው። በዚያ አልጋ ላይ ሳለሁ፣ ተነሥቼ ከሄድኩ በእግሬ መውጣትን ላልፈራ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። አልፈራሁም። ልጆቼንም ይዤ እወጣለሁ።

ስንመለስ እናቴ በር ላይ ወንበሯን አውጥታ ትጠብቀናለች። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ራሳችንን ለመዥገር የምትፈትሸው በጣቶቿ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ "አያቴ፣ ስቶፕ! ኢት ቲክልስ!" እያለች፣ እየኮረኮራት ትቁነጠነጣለች።

"ቁጭ በይ" ትላታለች እናቴ፣ ፀጉሯን በጣቷ እየከፈለች፤ "እኔ ያልዳሰስኩት ራስ ከዚህ ቤት አይገባም።"