በሁዳዴ ሁለት የሚሆን ቤት

ሠርክ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ዌስትላንድስ ባለ ቢሮ ደግሞ ለአገር አቀፍ የቤተሰብ ጤና ጥናት መጠይቅ ታዘጋጃለች። የተማረችው ስታቲስቲክስ ነው። «ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነው» የሚለውን የመመሪያ መስመር የጻፈችው እሷ ናት። ጠያቂዎቹን ስታሠለጥንም «ድስቱን ቁጠሩ፣ አትሳሳቱም» ትል ነበር።

በመጠይቁ ሙከራ ጊዜ አቤል የሚባል ጠያቂ ሳውዝ ሲ ሰፈር አንድ ቤት ገብቶ «አንድ ቤተሰብ» ብሎ መዘገበ። ከሳምንታት በኋላ ለማጣራት የሄደችው ፋናዬ እዚያው ቤት ሁለት ቤተሰብ አገኘች። አለቃቸው ከሊፋ ሠርክን ጠራት።

«አቤል ቤቱን ሳይረግጥ ነው መጠይቁን የሞላው። ዛሬ ካላስረዳሽኝ ይሰናበታል።»

ሠርክ በማታቱ ታክሲ ሳውዝ ሲ ወረደች። በሩን የከፈቱላት የቤቱ እመቤት ወይዘሮ እህተማርያም ናቸው።

«እትዬ፣ እዚህ ስንት ቤተሰብ ነው ያለው?»

«አንድ ነዋ። አሁንም አሁንም እየመጣችሁ መቁጠር፣ ልትሸጡን ነው እንዴ?»

ማድ ቤት አስገቧት። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት።

«ይሄኛውስ?»

«የወንድሜ የስምዖን ነው። ጴንጤ ሆኗል። ሁዳዴ ሲገባ እሱና ሚስቱ ሥጋቸውን ለብቻ ይሠራሉ። የጾም ድስቴን በቅቤ እንዲነካኩብኝ አልፈልግም።»

ስምዖን ከሳሎን «ለፋሲካ እንታረቃለን» አለ።

«መቼ ተጣላንና?» አሉ እህተማርያም።

«እሺ፣ ረቡዕና ዓርብስ?» አለች ሠርክ።

«ያኔማ ውጭ በልቶ ይመጣል፣ ሌባ።»

አቤል የመጣው ከጾሙ በፊት ነበር፣ ፋናዬ በጾሙ ውስጥ። ሁለቱም ድስቱን በትክክል ቆጥረዋል። ሠርክ ቢሮ ተመልሳ ይህንኑ ለከሊፋ ነገረችው።

«ታዲያ ስንት ብለን እንያዘው?»

«አንድ። ድስቱ ቢለያይም የቤቱ ኃላፊ አንድ ከሆነ...»

«ኃላፊው ማነው?»

ሠርክ ጠይቃ ነበር። እህተማርያም «እኔ» ብለዋል፤ ስምዖንም «እኔ» ብሏል።

ከሊፋ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እናቴ ስኳር ስላለባት ረመዳንን አትጾምም። ምሳዋ ለብቻዋ ይሠራል። በአንቺ መመሪያ እናቴ ጎረቤቴ ናት ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ሠርክ። ዕለቱን ሙሉ ከተናገረችው ሁሉ እርግጠኛ የሆነችበት ይሄ ብቻ ነበር።

«አቤል ይቆይ» አለ ከሊፋ። «መስመሩን ግን አስተካክይው።»

ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ሰረዘችው። አቤል ደወለ።

«ልሰናበት ነው ወይስ ልቆይ?»

«ትቆያለህ። ቤተሰብ ምን እንደሆነ ግን አሁን አትጠይቀኝ። ነገ በጠዋት ና፣ አብረን እንቸገር።»