በቃ ያልተባለው ጓንት

ሴትዮዋ የምትሠራው የሱፍ ጓንት ከሹራብ መርፌው ሲወርድ ለሰው እጅ የተሠራ አይመስልም። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት፣ አውራ ጣት ብቻውን እንደ ጌታ የሚቀመጥበት ጓንት ነው፤ ስፋቱ ግን ድመት ከነልጆቿ ትተኛበታለች። የማያውቅ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ሱፉን ከገዛ በጎቿ ላይ ራሷ ሸልታ፣ ራሷ አጥባ፣ አማቷ ፈትላላት የሠራችው ነውና የሰው ሳቅ አያስደነግጣትም።

ሙያው ያለው ሳፋው ላይ ነው። ጓንቱ የተሠራለት ሰው ራሱ መጥቶ፣ ኩሽናዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ ሁለት እጁን ሙቅ የሳሙና ውኃ ውስጥ ይነክርና እርስ በርስ ያሻል። ሱፍ ሙቀትና እሽታ ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ እየተሰበሰበ መጥቶ የዚያን ሰው እጅ ልክ ይይዛል። እሷ አጠገቡ ቆማ "በደንብ! በደንብ ይሹት እንጂ፣ ሕፃን እያጠቡ ነው እንዴ?" እያለች መግቢያ መውጫ ታሳጣዋለች። በዚህ የተነሳ አገሩ ሁሉ እትዬ በደንብ ይላታል። ልኩ ሲደርስ "በቃ" ትላለች፤ ያን ጊዜ ማቆም ነው። ከዚያ ካለፈ ሱፉ መሰብሰቡን አይተውም፤ አንዴ ከጠበበ ደግሞ ተንበርክከው ቢለምኑትም አይሰፋም። እትዬ በደንብ "በቃ" ማለት አምልጧት አያውቅም።

ሰው ደግሞ እጁ ሳፋ ውስጥ ሲገባ አፉ ይፈታል። ተነስቶ እንዳይሄድ እጁ ተይዟል፤ ዝም እንዳይል እሷ አለች። የከብት ሐኪሙ በሬ እንደሚፈራ የታወቀው እዚያ ነው። ጎረቤቷ ዶሮዋን የበላው ቀበሮ ሳይሆን የሱ ውሻ መሆኑን ያመነውም እዚያው ነው። በማግስቱ ዶሮ ታቅፎ መጥቷል።

እንግዲህ ወደ ወተት መኪናው ሹፌር እንምጣ። ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት እየመጣ ወተት የተሞሉትን የብረት ዕቃዎች ከደጇ ያነሳል። ብረቱ በብርድ ጊዜ እጅ ይቆርጣል፤ የሰውዬው ጣቶች ተሰነጣጥቀው አልቀዋል። ስለ ሞተር ጠይቁት፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ጠይቁት፣ ማቆሚያ የለውም። ስለ ራሱ ከሆነ ግን ከአፉ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሚስት እንደሌለችው እንኳ ያወቀችው ከሸሚዙ አተኳኮስ ነው።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እንደገና ሰው እወዳለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ወደደችው። ሌላ ቃል የለውም። መኪናው ኮረብታውን ሲወጣ ማርሽ ሲቀይር ስትሰማ ፀጉሯን መነካካት ትጀምራለች። አማቷ፣ የሟቹ ባሏ እናት፣ እንዝርቷን እያሾረች "መጣልሽ" ትላታለች።

"ማን?"

"ወተቱን የሚወስደዋ! ሌላ ማን ይመጣልሻል?"

ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ ዕቃውን እየጫነ "ከሰኞ ጀምሮ ሌላ መስመር መድበውኛል። እዚህ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው" አላት። ዛሬ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። እሷም "ይቅናዎት" አለችና ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ ከመታየት መርፌዎቿን አነሳች። አማቷም ሳትጠየቅ፣ ከጠቦቶች የመጀመሪያ ፀጉር የፈተለችውን፣ ለማንም የማትሰጠውን ለስላሳ ክር አምጥታ ጭኗ ላይ ጣለችላት።

"ጓንት ሠርቼልዎታለሁ፣ ይምጡና ልኩን ይያዝ" ብላ በቀጠረችው መሠረት፣ ሹፌሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ አተኳኮሱ ያው ነው።

"እትዬ፣ ይሄ ለኔ ነው ወይስ ለመኪናው?" አለ ጓንቶቹን እያገላበጠ።

"ይቀመጡና እናያለን።"

ተቀመጠ፤ እጁን ነከረ፤ ማሸት ጀመረ። ዛሬ ካልተናገረ መቼም አይናገርም ብላ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ስለ አዲሱ መስመር ጀመረላት። አስፋልት ነው። ድልድዩ ታድሷል። መታጠፊያው ሰፊ ነው። እትዬ በደንብ ድልድዩ ቢፈርስ ደስታዋ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት አስቤ..." አለ ድንገት።

"ይጠይቁ!" አለች ክርኗ ሳፋው ውስጥ እስኪገባ ጎንበስ ብላ።

ሹፌሩ ጆሮው ቀላ። "በጎቹ... ሲሸለቱ አይበርዳቸውም?"

ጥግ የተቀመጠችው አማት እንዝርቷ ከእጇ አምልጦ ወደቀ።

"አይበርዳቸውም" አለች እትዬ በደንብ ጥርሷን ነክሳ። "በደንብ ይሹት።"

የአውራ ጣቱን ጫፍ ቆንጠጥ አድርጋ አየች። ልክ ነው። እንዲህ ያማረ ልክ ወጥቶላት አያውቅም። "በቃ" የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። በቃ ካለች ግን እጁን አድርቆ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

"ትንሽ ይቀረዋል" አለች።

አማቷ ቀና ብላ አየቻት። እሷም ሱፍ ታውቃለችና ነገሩ ገባት። ተነስታ የፈላውን ማንቆርቆሪያ አመጣችና ሳፋው ላይ ጨመረች። ደግማም ጨመረች። ሌላ ሰው ቢሆን "ጣቴ!" ብሎ ጮሆ ነበር፤ ይህ ግን ያሻል። እሷም ሰውዬው እጁ ደንዝዟል እንዴ እያለች ታየዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ይናገራል ስትል እሱ ዝም፣ ሱፉ ግን ሥራውን ቀጠለ።

በመጨረሻ ጓንቶቹ ከእጁ የወጡት በትግል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ለአሻንጉሊት እንኳ የሚጠቡ ሆኑ። እትዬ በደንብ እፍረት ፊቷን አቃጠላት።

አማቷ ፈጠን ብላ "ውኃው ነው፤ እኔ ነኝ አጉል ያፈላሁት" አለች።

ሹፌሩ ጓንቶቹን አየ፤ እሷን አየ። "እርስዎ እኮ የማንንም ጓንት አበላሽተው አያውቁም።"

ውኃው ነው ብላ መገላገል ትችል ነበር። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀርቦላታል፤ ማንሳት ብቻ ነው።

"ውኃው አይደለም" አለች። "እያየሁ ነው ያበላሸሁት። በቃ ካልኩህ ተነስተህ ትሄዳለህ። እንድትሄድ አልፈለግኩም።"

ሹፌሩ የቀሉና የተጨማደዱ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው።

"ልክ የሆነልኝማ ቅድም ነው" አለ። "ጣቴ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ዝም ያልኩት በቃ ትዪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።"

እትዬ በደንብ መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም ጀመረችው። ፎጣውን አንስታ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ታደርቅለት ጀመር፤ የተሰነጠቁት ላይ ስትደርስ ይበልጥ ቀስ ትላለች።

"ያ ፎጣ እርጥብ ነው፤ ሌላ ላምጣ" አለች አማቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወደ ውስጥ እየገባች። ፎጣው ያለው እዚያው በሩ ጀርባ ነው። እሷ ግን እስኪመሽ አልተመለሰችም።