የዘንዶው ትንፋሽ

ባሌ ዘንዶ ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ መሳደብ ካማረኝ ሌላ ስም አላጣለትም። ሥራው ነው። እኛ ተቀጥረን በምንሠራበት ቴአትር ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ዘንዶ ሲሠራ፣ የሠራውን ዘንዶ ጭንቅላት ተሸክሞ መድረክ ላይ ሲያገሳ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዘንዶውን ቆዳ፣ ሆዱንና ቅርፊቱን የምሰፋው እኔ ነኝ። እሱ አጥንቱን ያቆማል፣ እኔ ሥጋ አለብሰዋለሁ። ልጅ ስላልወለድን ነው መሰል፣ ሁለታችንም በዘንዶው ቀልድ አናውቅም።

ድሮ አናጢ ነበር። ወደ ቴአትር ቤቱ የመጣው የተሰበሩ ወንበሮች ሊጠግን ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አሮጌ የዘንዶ ጭንቅላት አየ፤ መንጋጋው የወለቀ፣ ጆሮውን አይጥ የበላው። ልጠግነው ብሎ ተቀመጠ፣ ያው እንደተቀመጠ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ከመርከበኛ ጋር ይቀመጣል፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ካገኘ ገና ሰላምታው ሳያልቅ "እናንተ ጋ ዘንዶ አለ?" ይለዋል። እንግዳው ደንግጦ "ኧረ የለም" ሲል "በተረት ማለቴ ነው" ይላል። በተረት ከሆነማ ዘንዶ የሌለው አገር የለም።

እኔ ስሰፋ እሱ ከጎኔ ቀርከሃ እያጎበጠ ያስተምረኛል። ተማሪ መሆን አልፈልግም፣ ግን ማን ጠይቆኝ።

"ቻይና ብትሄጂ ዘንዶ ዝናብ አምጪ ነው" ይላል። "ሰማይ የደረቀበት ገበሬ ይለምነዋል፣ ንጉሡ ልብሱ ላይ ያስጠልፈዋል። ወደ አውሮፓ ስትሻገሪ ያው ፍጥረት ክንፍ አውጥቶ፣ እሳት እየተፋ፣ ወርቅ ላይ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ህንድ ጋ የዓለምን ውሃ ዘግቶ ተራራ ላይ ተጠምጥሟል፤ የነጎድጓዱ አምላክ መትቶ እስኪያስለቅቀው ድረስ። የባቢሎን ሰዎች ሰማይና ምድር የተሠሩት ከአንዲት የባሕር እናት ሬሳ ነው ይላሉ፤ እሷንም ዘንዶ ናት የሚሏት አሉ። ግብፅ ደግሞ ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር ጨለማ ውስጥ አድፍጦ ጀልባዋን ሊውጥ ይጠብቃል። ሜክሲኮ ላባ ለብሶ ነፋስ ያመጣል።"

"እና?" እለዋለሁ መርፌዬን በጥርሴ ይዤ።

"እና እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ተያይተው አያውቁማ። ማን ነገራቸው?"

መልሱንም ራሱ ያመጣል። አንዳንዱ፣ ድሮ ሰው መሬት ሲቆፍር የጥንት አውሬ አጥንት አግኝቶ ነው ይላል። አንዳንዱ አዞ ነው፣ አንዳንዱ ደራሽ ወንዝ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሰው ገና ዱር ሲኖር የሚፈጁት እባብ፣ ነብርና ንስር ነበሩ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ሰፍቶ ዘንዶ አላቸው ይላል። ስፌት ስላለበት ይቺኛዋን እኔም እወዳታለሁ።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ነው" አልኩት አንድ ቀን።

"እሱ ነው። ሰው ፍርሃቱን መልክ ሲሰጠው ይቀለዋል። መልክ ያለው ነገር ይለመናል፣ ይገደላል፣ ቢያንስ ይሸሻል።"

"አንተስ ምንህን ነው እንዲህ ቀለም የምትቀባው?"

"እኔማ ከውስጥ ነኝ። ከውስጥ ሆኖ ማን ይፈራል?"

ይቺ አነጋገሩ ሁሌም ታናድደኛለች። ዘንድሮ ግን ከማናደድም አለፈች።

ዘንድሮ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ግድግዳ ማየት ጀመረ። "ምን ታያለህ?" ስለው "ቀለሙ ለቋል" ይላል። ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ፣ በመሣሪያም አይታ ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ።

"ልብዎ በጣም ደክሟል" አለችው። "ከባድ ነገር መሸከም፣ ሙቀት ውስጥ መታፈን የለብዎትም። ሊወስድዎት ይችላል። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድነው?"

"ዘንዶ ነኝ" አላት።

ሐኪሟ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። "እውነቱን ነው" አልኳት፤ አስረዳኋት።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አይደሉም" አለች።

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ቤት ስንገባ ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። የያዝነው ትርኢት እስኪያልቅ ታገሺኝ አለኝ። ነገሩ እልህ ነበረበት። ትርኢቱ ወንዝ ዘግቶ አገር ስላስጠማ ዘንዶ ነው። ባሌ፣ ዘንዶው መጨረሻ ላይ ውሃውን ለቆ ይሂድ፣ ዝናብ አምጪም እኮ ነው ብሎ ከአዘጋጁ ጋር ተጨቃጭቆ ነበር። አዘጋጁ ወጣት ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ችኩል ነው። "ጋሼ፣ ሕዝቡ የሚመጣው ሲሞት ለማየት ነው" አለው። ባሌም "ይሙታ፤ አሟሟቱን ግን ለኔ ተወው" ብሎ ተስማማ። ከዚያ በኋላ በየትርኢቱ ሌላ ሞት ይሞታል። አንድ ቀን ተንፈራግጦ፣ አንድ ቀን እንደሚያንቀላፋ፣ አንድ ቀን ጀግናው እግር ሥር ጭንቅላቱን አስደግፎ። ሰው ሁሉ ዛሬ እንዴት ይሞት ይሆን ብሎ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ፤ የኔው ጥበቃ ሌላ ነው እንጂ።

ለአዘጋጁ ነገርኩት። "ጋሼ ራሱ ደህና ነኝ እያለ እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ?" አለኝ። ስለዚህ መድረኩ ጠርዝ ላይ፣ መጋረጃው እጥፋት ውስጥ በርጩማዬን አስቀምጬ በየቀኑ ስጠብቀው ከረምኩ።

ዘንዶው ውስጥ ያሉት አራት ናቸው። ከፊት ባሌ። ከሱ ቀጥሎ ሳንባ የምንለው ትልቅ ሰውዬ አለ፤ ሥራው የሆዱን ቀርከሃ በሁለት እጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ዘንዶውን ማስተንፈስ ነው። ከኋላ እግርና ጭራ የምንላቸው ሁለቱ አሉ። ውስጥ ሆኖ መናገር ክልክል ነው፣ ጨርቁ ስስ ስለሆነ ይሰማል። የጨነቀው ሰው ቀርከሃውን ያንኳኳል። ሌላው ሕግ ደግሞ፣ ጭንቅላቱ ምን ቢያደርግ ተመልካቹ ሳያጨበጭብ ሳንባ እጁን አያቆምም። ድሮ አንዴ ቀድሞ አቁሞ አንድ ሕፃን "ሞቷል እኮ፣ ለምን ይወጉታል?" ብሎ አዳራሹን በሳቅ ስለገደለው ነው ይህ ሕግ የወጣው።

ያን ቀን ትርኢቱ የተማሪዎች ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሙቀቱ አይጣል ነው። ባሌ ወደ መልበሻ ክፍሉ የምትወስደውን አጭር ደረጃ እንኳ ሁለቴ ቆሞ ነው የወጣት።

"ዛሬ ይቅርብህ" አልኩት። "ካስፈለገ እግርህን ልሳም።"

"ልጆቹ መጥተዋል እኮ።"

"በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ።"

ሳቀብኝና ጭንቅላቱን አጠለቀ። ከዚያ በኋላ ፊቱ አይታይም፤ የሚያዩኝ የዘንዶው ዓይን የሆኑት ሁለት አምፖሎች ናቸው።

ገባ። ልጆቹ ጮኹ። ሲያገሳ ድምፁ ከወትሮው የወፈረ መሰለኝና ጥሩ ነው አልኩ። ወንዙን የሚዘጋበትን ቦታ በደንብ አለፈው። ጀግናው ጦሩን ይዞ ወጣና ረጅሙን ንግግሩን ጀመረ። ገና እናቱን ሳይሰናበት፣ ጦሩም ሳይነሳ፣ ዘንዶው በጎኑ ወደቀ።

ጀግናው ተደናግሮ ቆመ። ግን የባሌን አመል ያውቃል፤ ዛሬ ደግሞ አዲስ ሞት አመጣ ብሎ "ስሜን ሰምቶ ነው የወደቀው" አለ። ልጆቹ ሳቁ። አዘጋጁ ከወዲያኛው ጠርዝ ሆኖ ጎሽ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ የዘንዶውን ሆድ አየሁ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እንደተኛ ሰው።

"ተመስገን፣ ይተነፍሳል" አልኩ። በእውነት እንደዚያ አልኩ። ተመልሼ ቁጭ አልኩና ፊቴን በሽርጤ ጠረግሁ።

ማነው የሚተነፍሰው?

ያ ትንፋሽ የባሌ አይደለም። የሳንባ ነው። ያን ሆድ የሰፋሁት እኔ፣ የሳንባ እጅ የሚገባበትን ክፍተት የቆረጥኩት እኔ። ባሌ ከወደቀ ጀምሮ ለሱ ሌላ ሰው እየተነፈሰለት፣ እኔ ቁጭ ብዬ ተመስገን እላለሁ።

መቀሴን ይዤ መድረኩ ላይ ሮጥኩ። ልጆቹ በሽርጥ የምትሮጥ ሴትዮ ሲያዩ በሳቅ ፈነዱ። ጀግናው በዚያው በጀግና ድምፁ "እትዬ፣ ምን ሆነሻል?" አለኝ። የዘንዶው አንገት ሥር መቀሴን ከትቼ ቀደድኩት። ጨርቁ ድርብ ነው፣ እኔው ነኝ እንዳይቀደድ አድርጌ የሰፋሁት፤ ሁለቴ ሦስቴ ደጋግሜ ቆረጥኩት። ቅርፊቱ እየተበጠሰ ወለሉ ላይ ሲንኮታኮት ሳቁ ቆመ። መጀመሪያ ያገኘሁት የሳንባን ፊት ነው። ላብ አጥምቆታል። እጁ አሁንም ቀርከሃውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

"እትዬ፣ ምን ተፈጠረ? አላንኳኳም እኮ" አለኝ በሹክሹክታ።

"እጅህን አቁም" አልኩት።

ባሌን በብብቱ ጎትተን አወጣነው። ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አያይም። ተማሪዎቹን ይዛ የመጣች አንዲት መምህርት ወንበር ዘላ መጣችና በጉልበቷ ተንበርክካ ደረቱን በሁለት እጇ ትጫነው ጀመር። እሷ ሲደክማት ሳንባ ተቀበላት። ሳንባ እያለቀሰ ነው የሚጫነው፣ ግን እጁ አይሳሳትም። መጋረጃው ተዘጋ። ከወዲያ የልጆቹ ለቅሶ ይሰማል። እኔ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስድብ ብቻ ነው አፌ ላይ የመጣልኝ። አንተ ደረቅ፣ አንተ ጨካኝ፣ እንዳትሄድብኝ እያልኩ ሰደብኩት። አምቡላንሱ ሲመጣ እስትንፋሱ ቀስ በቀስ ተመለሰ ያሉ መሰለኝ።

ሐኪም ቤት ነቃ። አጠገቡ ተቀምጬ ምን ይለኝ ይሆን ስል "ከየት በኩል ነው የቀደድሽው?" አለኝ።

"ከአንገቱ።"

"በስፌቱ?"

"መሃል ለመሃል።"

"ወይኔ። በስፌቱ ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር።"

የታመመ ሰው አይመታም እንጂ እመታው ነበር። ሊጠይቀው የመጣን ሰው ሁሉ "ከዘንዶ ሆድ የወጣሁ ሰው ነኝ" እያለ ያስቃል። "ትንሽ ልረፍና እመለሳለሁ" ይላል። ቤት ከገባን በኋላም ያው ነው። እሱ ተኝቶ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል አላምን ብዬ መዳፌን አፍንጫው ሥር አደርጋለሁ። ነቅቶ "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "ትንኝ ነው" እላለሁ። እኔ ለሁለት ፈርቼ ማለቄ ነው፤ እሱ ግን ያን ጭንቅላት ዳግም እስኪያጠልቅ ቀን ይቆጥራል። ከዚያ ውስጥ ሁለተኛ በሕይወት እንደማላወጣው አውቃለሁ።

ትርኢቱ ሲቀጥል ጭንቅላቱን የያዘው ሳንባ ነበር፤ ለትንፋሹ ሌላ ሰው ተተካ። ባሌ "ሄደን እንየው፣ አንገቱን እንዳያጣምምብኝ" አለ። ሄድን። አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው መሃል፣ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያን ሁሉ ዓመት ስንኖር እሱ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ዘንዶው በገባ ቁጥር እሱ ውስጥ ነበራ።

መብራቱ ጠፋ። ዘንዶው ገባ። ባሌ ስለ አንገቱ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ዘንዶው አፉን ከፍቶ ወደኛ ሲዞር ባሌ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ሲሸሽ ተሰማኝ። እስከ መጨረሻው ወንበሩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ አየ። ጀግናው ወጋው፣ ዘንዶው ወደቀ፣ ሆዱ ትንሽ ከፍ ዝቅ አለ፣ ልጆች አጨበጨቡ፣ ትንፋሹም ቆመ። ባሌ አላጨበጨበም።

"ያን ቀንም እንዲህ ነበር የወደቅሁት?" አለኝ።

"አዎ።"

"አንቺ የት ነበርሽ?"

የመጋረጃውን እጥፋት አሳየሁት። እዚያ በርጩማው ብቻውን ቆሟል። አየው። መልሶ ደግሞ የወደቀውን ዘንዶ አየ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

"ፈራሁ" አለኝ።

"እሰይ" አልኩት፤ እጁን እንደያዝኩ አለቀስኩ።