ጠረኑ ያለቀ አሪቲ

አሪቲ በሸተተኝ ቁጥር ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኛል። አክስቴ ዘይነባ ኤርትራ ግንባር ለነበረው ወታደር እጮኛዋ ደብዳቤ ስትልክ ሁልጊዜ አንድ ዘለላ አሪቲ ትጨምርበት ነበር።

አንድ ቀን በማታውቀው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ፖስታ መጣላት። ስትከፍተው የራሷ አሪቲ ደርቆ ወደቀ።

«ሞቷል! ዕቃውን ነው የመለሱልኝ!» ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

አባቴ ወረቀቱን አንስቶ አነበበላት። «ቀኝ እጄ ስለቆሰለ የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ ነው። የአሪቲው ጠረን አልቋል፤ ሌላ ላኪልኝ።»

«አልሃምዱሊላህ! ተነሽ አንቺ፣ ሰውየው አሪቲ አምሮታል እንጂ አልሞተም!» አላት።

አክስቴ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። አንድ ቅጠል ይህን ያህል የሚያስቅበት ምክንያት ያን ጊዜ አልገባኝም።

ትናንት ኮምቦልቻ ቤታቸው ስገባ፣ ባሏ ከጓሮ በግራ እጁ አሪቲ ቀንጥሶ አመጣላት። አሽትታ ሻሿ ውስጥ ሸጎጠችው።