ማንም ያልሞተበት ስም

ስሜን እዚህ አልጽፈውም። ትርጉሙን ግን ልንገራችሁ፤ ለሞተ ሰው ምትክ ማለት ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ወንድሜ በሕፃንነቱ ሞቶ ነበር። እኔ ስመጣ ቤተሰቡ በሙሉ "ተካን!" አለና በእሱ ቦታ ተከለኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰው በጠራኝ ቁጥር ያ የማላውቀው ልጅ አብሮኝ ይጠራል። ስለዚህ ሳረግዝ፣ ሆዴ ገና ሳይገፋ ወሰንኩ፤ ልጄ የማንንም ሐዘን ተሸክማ አትዞርም። አራት ነጥብ።

ስሙን ያገኘሁት ሥራ ቦታ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ፓልምስ በሚባል ሠፈር አንድ ዴይኬር ውስጥ ሕፃናት እጠብቃለሁ። ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያስረክቡኝ የምሰማው ስም አይኖ፣ ኤሮ፣ ቬንላ፣ ቱሊ ነው። የፊንላንድ ስም መሆኑን ሲነግሩኝ፣ ፊንላንዶች ተጠራርተው እኛ ሠፈር የገቡ መስሎኝ ነበር። የምን ፊንላንድ! የአይኖ እናት ሜክሲኳዊት ናት፣ የኤሮ አባት ኮሪያዊ፣ የቱሊ ወላጆች ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ኢንግልዉድ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን። ፊንላንድን በካርታ አሳዩን ብትሏቸው ጣታቸው ሌላ አገር ላይ ያርፋል። ታዲያ ለምን መረጣችሁት ስላቸው፣ አጭር ነው ይላሉ፣ ያምራል ይላሉ። የኤሮ አባት ግን እውነቱን ተናገረ። "በእኛ ቤት ስም የሚያወጡት አያቶች ናቸው። ይሄንን የእኔም የእሷም ወላጆች ስለማያውቁት የሚጣላበት ጠፋ" ብሎ ሳቀ። አሃ፣ ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም!

ቱሊ ልቤ ውስጥ ገባች። በእኛ ፊደል ስትጻፍ ሁለት ፊደል ናት፤ አፍ ላይ አትከብድም። ትርጉሟም ለስላሳ ነፋስ ነው አለችኝ የልጅቷ እናት። ከሁሉ በላይ የወደድኩላት ግን በእኛ ዘር ውስጥ በዚህ ስም የተለቀሰለት ሰው አለመኖሩን ነው።

ባሌ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ስነግረው የራሱን ስም ከኋላዋ እየቀጠለ ደጋግሞ ሞከረው። "ኦኬ፣ ይሄዳል" አለ። "ሶ፣ ከእናትሽ ጋር ግን አንቺው ተጨራረሺ፤ እኔ የለሁበትም።"

እናቴን ከአገር ቤት ያመጣናት አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ብቻዋን እንዳትሆን ብለን ነው። የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ ባለሱቅ ወዳጅ አለቻት፤ እዚያ ስትጫወት ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ልወስዳት ሄጄ፣ ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ዞሬ ዞሬ ስገባ፣ እናቴ ላልተወለደችው ልጄ ስም አውጥታ ለሱቁ ሰው ሁሉ እያስተዋወቀች ነው። ስሙ ምን ይላል? ለአባቴ ሞት ካሳ ይላል። ባለሱቋ "እሰይ እትዬ፣ እሱ ይካሳችሁ!" ትላለች።

"እማዬ፣ ስም አለኝ እኮ" አልኳት። "ቱሊ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ነፋስ።"

"በኢየሱስ ስም!" አለች። "እኔ አራስ ቤት ነፋስ እንዳይገባ በር ልዘጋ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ፣ አንቺ ልጅሽን ነፋስ ብለሽ ልትጠሪያት?"

ሱቁ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን ሳስርላት፣ "በዚያ ስም ውስጥ አባትሽ የት አለ?" አለችኝ። "ልጅቷ በባልሽ ስም ትጠራለች፤ ደግ። የእኔው ሰውዬ ታዲያ ከነጭራሹ ይቅር? እሱን ከቀበርኩ ወዲህ ያየሁት ደስታ እሷ ናት።"

"ደስታ ከሆነች በሐዘን አልጠራትም" አልኳት። መኪናውን አስነሳሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኩርፊያ አታንሱት። ትሠራለች፣ ታበላኛለች፣ እግሬን ታሽልኛለች፤ ቃል ግን የለም። የምትለው ሲኖራት ለባሌ ነው። "ሚስትህ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ትጠጣ በላት" ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ! ኦርቶዶክስ ብንሆን የክርስትና ስም የሚባል መላ አለ፤ አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ አውጥተን እንታረቅ ነበር። ጴንጤዎች ነን፤ ያለን አንድ ስም ነው።

ልጄ በተወለደች ማግስት፣ ባሌ የሕፃን ካር ሲት መኪናው ላይ ሊያስር ወርዶ ሳለ፣ አንዲት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን እየገፋች ገባች። ለልደት ሰርተፍኬት የልጅቷን ስም ፈለገች። እናቴ ኤሲውን አስጠፍታ፣ ልጅቷን ጠቅልላ ታቅፋለች። እኔ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቢያስፈልግ እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ እከራከራለሁ።

"ቆይ በያት" አለችኝ እናቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ሴትየዋን አንዴ ጠብቂን አልኳት።

እናቴ ዓይኗን ከሕፃኗ ሳትነቅል ተናገረች። "አንቺ ሆዴ ውስጥ እያለሽ ስም አውጥቼልሽ ነበር። ምስር ስለቅም፣ ልብስ ሳጥብ፣ ለብቻዬ እጠራሽ ነበር። ስትወለጂ የአባትሽ እናት ገቡና 'የሞተው ልጅ ምትክ ይኸው' አሉ። ቤቱ ሁሉ እልል አለ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።" በአገጯ ወደ ሴትየዋ አመለከተችኝ። "አንቺን ይኸው ቆማ እየጠየቀችሽ ነው። መልሺላት።"

"ቱሊ" ብዬ መለስኩላት። ሴትየዋ ጻፈች፣ ቆንጆ ስም ነው አለች፣ ሄደች።

"እማዬ፣ ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪኝ?" አልኳት።

"ኤዲያ! አሁን ምን ያደርግልሻል?" አለች፤ እንደ ልጃገረድ አፈረች። እኔ እንባዬ እየወረደ ለመንኳት። ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ፣ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ ጠራችኝ።

"አቤት" አልኳት።