ጛ የጎደለው መዝገበ ቃላት

ኮምፒውተሩ በዚያ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋባት ሰርካለም አልተበሳጨችም። ነጠላዋን አመቻችታ እስኪነሣ ጠበቀች። ባሏ መምህር ምንዋጋው ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ለምዳለች።

ኮምፒውተሩ የእሱ ነበር። ምንዋጋው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሰቆጣ ተነሥቶ የዋግን ወረዳዎች ዝቋላንና ደሃናን በእግሩ እየዞረ ከሽማግሌዎች አፍ የለቀማቸው የአካባቢው አገዎች ቋንቋ የኽምጣጛ ቃላት እዚያ ውስጥ ናቸው። ባልደረቦቹ ለሙት ዓመቱ በመጽሐፍ ሊያሳትሙለት ቃል ገብተዋል። ሌላ ቅጂ ግን የለም።

ነገሩ የተበላሸው ማሽኑ መንቀራፈፍ ሲያበዛ፣ የቀበሌ ጸሐፊ የሆነው ጎረቤቷ ቅጣው "ቫይረስ ነው" ብሎ ጸረ ቫይረስ የጫነላት ቀን ነው።

"ቀይ ጽሑፍ ከመጣ ይቺን ተጫኚ፤ ያጸዳዋል" አላት።

ቀይ መጣ፤ ተጫነች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በየሩብ ሰዓቱ እየጠፋ ይነሣ ጀመር። በዚያ ጠዋት እንደ ተነሣ መዝገበ ቃላቱን ስትከፍተው ደግሞ ሁለት መቶው ገጽ እንዳለ ወደ ፈረንጅ ፊደል ዞሮ፣ ትርጉም የሌለው ዝርክርክ ሆኖ ጠበቃት። ተነሥታ ሽሮ ጣደች። ሽሮውም አረረባት።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልላ፣ በባጃጅ ጭና መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የትእዛዙ ሱቅ ወሰደችው። ትእዛዙ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ምንዋጋው አስተምሮታል።

"እትዬ ሰርካለም፣ ሕፃን ነው እንዴ ያቀፉት?"

"ከሕፃን ይከብዳል። ተቀበለኝ።"

አስነሥቶ ጥቂት አየና ራሱን ነቀነቀ። "ጸረ ቫይረስ ሁለት አለበት። አንዱን ጋሼ ምንዋጋው የጫኑት ነው። ሌላውን ማን ጫነው?"

"ቅጣው።"

"ለእሱ ማኅተም መምታቱ ይበቃው ነበር። በአንድ ደብር ሁለት አለቃ ሾመ እኮ። አንዱ የያዘውን ፋይል ሌላው ይነጥቀዋል፤ ሲናጠቁ ማሽኑ ይወድቃል።"

"እንግዲያው የቅጣውን አውጣው።"

"ከማውጣቴ በፊት ያሰራቸውን ልይ፤ ይዟቸው እንዳይጠፋ።" የታገዱትን ፋይሎች ዝርዝር ከፈተ። "ይኸውልዎ። የጋሼን የአማርኛ መጻፊያ አስሮታል። ያረጀ ፕሮግራም ነው፤ የፊደሎቹን መልክ የያዘው እሱ ነው። ጣታችን የነካውን ቁልፍ እየሰማ ወደ ፊደላችን ይመልሳል። ጸረ ቫይረሱ ደግሞ ጣት የሚያዳምጥ ሁሉ ሰላይ ይመስለዋል።"

"አማርኛ በመጻፉ ሰላይ" አለች ሰርካለም።

ትእዛዙ መጻፊያውን ፈታው፤ የቅጣውን ጸረ ቫይረስ አወጣው፤ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣው። ፊደሉ ተመለሰ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የምንዋጋው ስም ከነአባቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሰርካለም እዚያው የባትሪ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ወንበር እንዳልሰጣት ትእዛዙ ያን ጊዜ አስተዋለ።

"ይህ የድሮ ፊደል ነው፤ ማተሚያ ቤት አይወስደውም" አላት ወንበሩን እየሳበላት። "ዲስኩም እየሞተ ነው።" ያን ቃል ካወጣው በኋላ አቀረቀረ። "ወደ አሁኑ ፊደል ልመልሰውና አንድ ቅጂ እኔ ጋ ይቀመጥ።"

መለሰው። አማርኛው ደኅና ወጣ። የኽምጣጛው ቃል ግን በየመሐሉ ባዶ ሳጥን ተረጨበት። በርዕሱ ላይ እንኳ የቋንቋው ስም "ኽምጣ" ብሎ ቆሞ፣ በመጨረሻው ፊደል ቦታ ሳጥን ተቀምጧል።

"ጛ የታለች?"

"የድሮው መጻፊያ ጛን አያውቃትም። ጋሼ የራሳቸውን ምልክት አበጅተው፣ አንዱን ምልክት ከጘ እስከ ጞ ለሰባቱም ጽፈውበታል። የትኛው የት እንደሚገባ ማሽን አይለየውም። አፉን በኽምጣጛ የፈታ ሰው ነው የሚለየው።"

አፏን በኽምጣጛ የፈታችው እሷ ናት፤ ዝቋላ ተወልዳ ያደገች። ምንዋጋው የከተማ ልጅ ነበር። ማታ ማታ ራት ላይ "ይችን እንዴት ነው የምትያት?" ይላት ነበር። ብዙ ጊዜ "ደክሞኛል፣ ነገ" ብላዋለች።

"ስንት ሳጥን ነው?"

ትእዛዙ አስቆጠረ። "ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ገደማ።"

"ጛን የሚጽፈውን ጫንልኝና ኮምፒውተሬን መልስልኝ።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ትእዛዙ እንደመከራት የጻፈችውን በየመስመሩ ታስቀምጣለች። ቃሉን ጮክ ብላ ትለዋለች፤ ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ ጆሮዋ ይነግራታል፤ ትሞላዋለች። ዲስኩ እየደከመ ነውና ማሽኑ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተነሣ፤ የጠፋ ነገር ግን አልነበረም። ጀርባዋ ታመመ። እስከ ምሳ አርባ አንድ ሳጥን ሞላች።

አርባ ሁለተኛውን ቃል አላወቀችውም። በአንድ ድምፅ አለችው፤ በሌላም ድምፅ አለችው፤ ሁለቱም ቃል ይመስላሉ። የሽማግሌዎቹን ቃል ግን እሷም እንደ ቅጣው በግምት ማጽዳት አልፈለገችም። ሳጥኑን ባዶውን ተወችው፤ ከጎኑ "ደሃና ይጠየቅ" ብላ ጻፈች፤ አስቀመጠችና ወደሚቀጥለው ወረደች።